ደርሶ መልስ ጣርማ በር

አጎቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት መኪና ላይ ነው። መጀመሪያ የኤንትሬ፣ የጣሊያኑ ከባድ መኪና፣ ረዳት፣ በኋላ ሹፌር፤ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ አሰብ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ከሰፈር ርቀው አይሄዱም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን፣ ጭራሽ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ ድንገት "ጣርማ በርን ሳላያት ልሞት ነው" አሉኝ። ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወረድበት የገደል አፋፍ ነው። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔም አፌ ቀደመኝና "ቅዳሜ እንሂዳ ጋሼ" አልኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መኪና አስነስቶ መሄድ ነው። እኔ ግን እቅድ ካላወጣሁ ከቤት መውጣት የማልችል ሰው ነኝ። በዚያ ላይ የጣሊያን ጊዜ ታሪክ ይወስደኛል። አንዴ ካርታ ከፈትኩ ማለት ነው፣ በቃ። በዚያው ማታ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፦ ከከተማ ስንወጣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት፣ ከዚያ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያ ተመልሰን ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ አንኮበር። ጊዜ ከተረፈ! አሁን ሳየው ያስቀኛል።

ወረቀቱን ለአጎቴ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። "ይሄ ሽርሽር ነው ዘመቻ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ስደምረው ደብረ ሊባኖስ መሄጃው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻው እንደዚያው። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ድረስ 190 ገደማ፣ መመለሻው ደግሞ ያው። ወደ 580 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ በአንድ ቀን፣ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰው ጋር። ካርታ ላይ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ በሱሉልታ በኩል፣ ሌላው በሰንዳፋ፤ በጣት ብትለካው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ይመስላል። መሃላቸው ግን የጀማ ሸለቆ ተኝቷል። ካርታ ገደል አያሳይም፣ ወይም እኔ ማንበቡን አላውቅበትም።

ታዲያ ለምንድነው ሁለቱን አንድ ላይ ካላየሁ ያልኩት? ስግብግብነት ብቻ አልነበረም። ሁለቱን መንገዶች የሚያገናኝ ነገር ስላለ ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ደብረ ሊባኖስ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አላስታውስም። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ለጠበል፣ ካደግኩ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ለሽርሽር። በሽርሽሩ ጊዜ ፕሮግራሙ ሁሌም አንድ ነው። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን ታያለህ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹን ፎቶ ታነሳለህ፣ ገዳሙን ትሳለማለህ፣ ትመለሳለህ። በእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች አንድ ቀን እንኳ "ላጋ ወልዴ የት ነው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ የሚባል ቦታ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከተማዋ ላይ የወረደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግራዚያኒ ግን ጥርጣሬው ወደ ደብረ ሊባኖስ ዞረ፤ ገዳሙ ከሁለቱ ወጣቶች ጋር እጁ አለበት ብሎ ደመደመ። ትእዛዙ ለጄኔራል ማለቲ ደረሰ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፣ ምእመናን ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ቀን። በዓሉ በዋለ በማግስቱ፣ ግንቦት 13፣ መነኮሳቱንና ምእመናኑን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ዝቅ ያለ የወንዝ ዳር አወረዷቸው። እዚያ ረሸኗቸው።

ግራዚያኒ ለሮም በቴሌግራም ያስተላለፈው ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች የሚል ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕይወት የተረፉትን እየፈለጉ፣ ቦታውን በእግራቸው እየሄዱ ባደረጉት ጥናት ቁጥሩን ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሱታል። በቴሌግራሙና በጥናቱ መሃል ያለውን ልዩነት ሳስብ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቢሮ ውስጥ በብዕር ጭምር እንደተገደለ ይሰማኛል።

ዲያቆናቱ ግን ያን ቀን አልተገደሉም። ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ከቀናት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ እንገጫ በሚባል ቦታ እነሱም ተረሸኑ። የግራዚያኒ ሪፖርት 129 ይላል። ማለትም የደብረ ሊባኖስ ታሪክ መጨረሻው ደብረ ሊባኖስ አይደለም፣ በሌላኛው መንገድ ላይ ነው። እኔም በ580 ኪሎ ሜትር ልከተለው የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር።

አጎቴ ይሄን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ትንሽ ቆይተው "በእንገጫ በኩል ስንት ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ መሰለህ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝና "ደብረ ሊባኖስን ለብቻው እንሄዳለን፣ በጾም፣ ቀስ ብለን። አሁን ጣርማ በርን ስጠኝ" አሉኝ። እኔም ግማሹን ገጽ ሰረዝኩት። አንኮበርም አብሮ ተሰረዘ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተገንጥሎ ነው፣ ራስ አበበ አረጋይ ሲንቀሳቀሱበት የነበረ አገር ነው፣ መሰረዙ ያማል። ግን የራሱን ቀን ይፈልጋል።

እቅዱን ስቀንስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እይታቸው ያምራል ብዬ የመረጥኳቸው ቦታዎች ሁሉ የውጊያ ወይም የዘብ ቦታዎች ሆነው አገኘኋቸው። እኛ ፎቶ የምናነሳበት አፋፍ ለወታደር ሌላ ነገር ነው። ከላይ ሆኖ መንገዱን ማየት ማለት መንገዱን መያዝ ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ ቆመህ ቆላው እግርህ ስር ተዘርግቶ ስታየው "ወይ ውበት" ትላለህ፣ በ1928 እዚያ የቆመ ሰው ግን ከታች የሚነሳውን አቧራ ነው የሚፈልገው። ስሙም እኮ በር ነው።

የተገደለበት ቦታ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ላጋ ወልዴ ጎድጓዳ ነው። ሰው በማያይበት። እንገጫም ለመዝናናት የሚቆምበት ቦታ አይደለም። እና እኔ እቅዴን "የሚያምር እይታ" እያልኩ ብሠራ ኖሮ፣ ያለምንም ክፋት፣ የተዋጉበትን ሁሉ አይቼ የተገደሉበትን ሁሉ ዘልዬ እመለስ ነበር። ለነገሩ እስከዛሬ ያደረግኩት ይሄንኑ አይደል?

ጫጫ ብቻ ናት ይሄን ሐሳቤን የምታበላሽብኝ። ጫጫ ሜዳ ናት። ደብረ ብርሃን ከመድረስህ በፊት በመስኮት አየት አድርገህ የምታልፋት ከተማ፣ አፋፍ የላት፣ ገደል የላት። ግን የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ ደሴ ላይ ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከተማዋን ለቀው ከሄዱ በኋላ፣ ሁሉም ነገር አለቀ ደቀቀ በተባለበት ሰዓት፣ ሚያዝያ 26፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ ላይ አድፍጦ ጠበቃቸው። በማግስቱ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ድሉ አልተገታም፣ ግን የሸዋ አርበኝነት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠብቅ እዚያ ሜዳ ላይ ተጀመረ። ደብረ ብርሃን በስሙ ትምህርት ቤት አለ። እኔ ስሙን ያወቅኩት በትምህርት ቤቱ ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን በጣም ቆይቼ ነው የገባኝ።

ያ ሰልፍ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ነበር። የእኛ ሰዎች ወደኋላ ሲሉ መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር ያ ሁሉ መኪና ገደሉ አፍ ላይ ተደርድሮ መንገዱ እስኪጠገን ጠበቀ። ያኔ ዋሻ የሚባል የለም፣ ጥርጊያ መንገድ ነው። ዋሻውን ጣሊያኖቹ ከገቡ በኋላ ነው ያስቆፈሩት፣ 600 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ። እኔ ሁሌም የሚመስለኝ ያ መቆም አንገብግቧቸው ነው። ተራራው አንዴ አስቆመን፣ ሁለተኛ አያስቆመንም ብለው በሆዱ የገቡበት።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ወደ ጦርነት ቦታ የምንሄድበት መንገድ ራሱ የጦርነት ቅርስ ነው። ወራሪው ወታደር ለማመላለስ የሠራው መስመር ላይ ሙዚቃ ከፍተህ ትነዳለህ። መኪናውም ቢሆን ያው ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ መስታወቱ ላይ የምትለጥፈው ቦሎ ሳይቀር የጣሊያን ቃል ነው። አጎቴ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችሉም፣ ኤንትሬን ግን ከጎማ እስከ ጣሪያ በጣሊያንኛ ይፈቱታል። ካዛንቺስ ተወልደው ነው ያደጉት፤ ካዛንቺስ ማለት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሠራው ድርጅት ስም መሆኑን ስነግራቸው "ታዲያ ምን ይሁን?" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ምን ይሁን? ቃሉንም መንገዱንም ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። እኔ ግን አሁንም ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ላደንቀው እፈልጋለሁ፣ ማድነቁ ደግሞ ደስ አይለኝም።

ወደ እቅዱ ልመለስ። እንዲህ ያለ ጉዞ ላሰበ ሰው ከኔ ስህተት የሚማረው ካለ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልወጣህ ለገጣፎ ላይ ጧትህ ያልቃል። ሁለተኛው ጉም ነው። ጣርማ በር እይታ ሊሰጥህም ላይሰጥህም ይችላል፣ በተለይ በክረምት ደመናው ከቆላው ተነስቶ አፋፉ ላይ ይቀመጥና የመኪናህን አፍንጫ እንኳ አታይም። ዋሻው ውስጥ መብራት አብራ፣ ከፊትህ ከባድ መኪና ካለ አትጠጋው። ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ደግሞ፣ የአጎቴን ቃል ልጠቀምና፣ "በፍሬን አትውረድ፣ በማርሽ ውረድ"። ፍሬን ሽታ ከመጣ ቆመህ አቀዝቅዝ፣ ጀግንነት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መደወል አለ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ። ይሄን ጥያቄ ስንጠይቅ ስለ 1928 አይደለም የምንጠይቀው። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ያን ሰሞን አጎቴ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የከተሞቹን ስም በተራ ሲሰሙ፣ እያንዳንዷን የሚያውቋት በሻይ ቤቷ ነው፣ እዚህ ቁርስ፣ እዚህ ጎማ፣ እዚህ አዳር። እና ያኔ "ይሄ መንገድ አይደክመውም?" ብለው ነበር። ደወልኩ። ሰላም ነው ተባልኩ። እሑድ ማታ ድጋሚ ደወልኩ። (ቅዳሜ የተባለው ወደ ሰኞ ተገፍቶ ነበር፣ የጎሚስታ ጣጣ ነው፣ አልዘረዝረውም።)

ሰኞ 11 ሰዓት ተነሳን። አጎቴ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ሰንዳፋን በጨለማ አለፍን፣ አለልቱ ላይ ነጋ፣ ሸኖ ላይ ሻይ ጠጣን። ጫጫ ላይ መኪናዬን ዳር አስይዤ ወረድኩ። ምን ልታዘብ እንደወረድኩ አላውቅም። ገብስ፣ አህዮች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች። አጎቴ ከመኪናው ሳይወርዱ "እዚህ ነው?" አሉ። "እዚህ አካባቢ ነው" አልኩ። ኮፍያቸውን አንስተው መልሰው አደረጉ።

ደብረ ብርሃን ላይ እንገጫን ጠየቅን። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ሊፈልጉልን ሞከሩ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት አገኘን፣ በዱላቸው ወደ ሜዳው አመለከቱን፣ "በዚያ ነው፣ ልጆቹን የፈጇቸው" አሉ። ዲያቆናት አላሉም፣ ልጆቹን ነው ያሉት። እኔ ያነበብኩት ሁሉ ዲያቆናት ስለሚል፣ ልጆች መሆናቸው እስከዚያች ደቂቃ አልታየኝም ነበር። አጎቴ ለአፍታ ቆመው አማተቡ። እኔ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ነበር፣ መልሼ ከተትኩት። ነፋስ አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጋቢው ለሁለታችን አልበቃም።

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እኔ በሆዴ እየፈነጠዝኩ ነው፣ እይታው እንደሚገኝ እርግጠኛ ሆኛለሁ። የምኒልክ መስኮት የሚባለውን የእይታ ቦታም በመመለሻ አያለሁ ብዬ ደርቤ አቅጃለሁ። ከዚያ ዋሻው ጋ ደረስን፣ መብራት አበራሁ፣ ገባን፣ ውስጡ ይንጠባጠባል፣ ከፊታችን አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ይሄዳል። ከወዲያኛው ጫፍ ስንወጣ ምንም የለም። ነጭ። ጉሙ አፉ ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነበር ማለት ይቻላል። ሰፋ ያለ ቦታ አገኘሁና አቆምኩ።

በጣም ነው ያዘንኩት። ለራሴ ሳይሆን ለሳቸው። "ይቅርታ ጋሼ" አልኩ፣ ጉሙን እኔ ያመጣሁት ይመስል። እሳቸው ግን ወርደው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠርዙ ላይ ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ያሳዩኝ ጀመር። እዚያ ጋ ደብረ ሲና ናት። ከሷ በታች ሸዋ ሮቢት፣ እዚያ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ሸሚዝ ትቀይራለህ። በዚህ በኩል የመጀመሪያዋ መታጠፊያ፣ እዚያ አንድ ሰው ፍሬን አልይዝ ብሎት ግንቡን ገጭቶ ተርፏል። ጣታቸው የሚያመለክተው ነጭ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጣታቸውን ተከትዬ ሁሉንም አየሁት ብል ውሸቴ ነው፣ ምንም አልታየኝም፣ ግን የት የት እንዳለ አውቄያለሁ።

ቆይተው እጃቸውን አንስተው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። ከታች ከጉሙ ውስጥ የሆነ ድምፅ ይመጣል። በጣም ሩቅ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ነፋስ ነው ያልኩት።

"ከባድ መኪና ነው፣ ጭኗል" አሉ። ትንሽ አዳመጡ። "አሁን ወደ ሁለተኛ አወረደው። ስምንት ደቂቃ።"

ሰዓታቸውን አዩ። እኔም ስልኬን አየሁ። ቆመን ጠበቅን። ድምፁ አንዴ ይጠፋል፣ መታጠፊያውን ሲዞር መልሶ ይመጣል፣ በየመጥፋቱ አጎቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "አዎ፣ እዚያች ጋ ነው"። ሁለት መብራት ከነጩ ውስጥ ብቅ ሲል ዘጠነኛው ደቂቃ ገብቶ ነበር። አጎቴ "ማርሹን አሳስቶ ነው፣ እኔ በስምንት ነበር የምወጣት" አሉና እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ሹፌሩ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ክላክሱን ሁለቴ ነካ አድርጎ ወደ ዋሻው ገባ።